«ብስክሌቴ ከበደኝ» የሚሉ ሰዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ብስክሌት በመጠገን ሥራ ላይ የቆየ ሰው አዘውትሮ የሚሰማው አቤቱታ «ከበደኝ» የሚለው ነው። ባለቤቱ ይህን ይልና ብስክሌቱን በአንድ እጁ ብድግ አድርጎ «እስቲ አንተም አንሣው» ይላል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ቋንቋችን ሚዛን የሚደፋውንም ለእግር አልታዘዝ የሚለውንም በአንድ ቃል «ከባድ» ስለሚለው፣ ሰዎች ሁለቱን እንደ አንድ ነገር ይቆጥሯቸዋል።

ሒሳቡን ላሳይ። 75 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 15 ኪሎ ግራም በሚመዝን ብስክሌት በሜዳማ አስፋልት ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ፣ ጎማዎቹ ጥሩ የመንገድ ጎማዎች ከሆኑ፣ ለመንከባለል ብቻ የሚያወጣው ኃይል 25 ዋት ገደማ ነው። ከብስክሌቱ ላይ 2 ኪሎ ግራም ቢቀነስለት የሚያተርፈው ግማሽ ዋት ያህል ስለሆነ እግሩ ልዩነቱን አያውቀውም። በዚያው ብስክሌት ላይ ለጭቃ የተሠራ፣ ጥርሱ የገዘፈ፣ ያውም አየሩ የጎደለ ጎማ ቢገጠም ግን ወጪው እጥፍ ሊሆን ይችላል። ዳገት ላይ ክብደት የራሱ ድርሻ እንዳለው አልክድም፤ ሆኖም እዚያም ሽቅብ የሚወጣው ብስክሌቱ ከነነጂው ስለሆነ፣ 2 ኪሎ ግራም ከጠቅላላው ከ90ው 2 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ይህን ስንት ጊዜ አስረድቼም፣ ቀላል ፔዳልና ቀላል ኮርቻ ገዝተው በረገበ ጎማ የሚነዱ ሰዎች አላለቁልኝም።

ጎማን በአውራ ጣት ጫን አድርጎ «ሙሉ ነው» ማለት ከሁሉ በላይ ትዕግሥቴን የሚፈታተን ስህተት ነው። ወፍራም ጎማ አየሩ በግማሽ ጎድሎም ለጣት ጠንካራ ሊመስል ስለሚችል፣ ጣት የሚለካው አየሩን ሳይሆን የላስቲኩን ውፍረት ነው። ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር መሬት የሚነካው ክፍሉ ይጎብጥና ተመልሶ ይቃናል፤ ላስቲክ ደግሞ ሲጎብጥ የተቀበለውን ጉልበት በሙሉ አይመልስም፣ ከፊሉን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። አየሩ በጎደለ መጠን ጉብጠቱ ስለሚጨምር የነጂው ድካምም አብሮ ይጨምራል። «አልተበሳም እኮ!» የሚል መልስ ሁልጊዜ ይቀርብልኛል። የውስጥ ጎማ ባይበሳም አየር በላስቲኩ አልፎ ቀስ በቀስ ይወጣል፤ ብስክሌቱ ሳይነዳ ቢቆምም እንኳ መጉደሉ አይቀርም። ቀጭን ጎማ የሚይዘው አየር ጥቂት በመሆኑ ቶሎ ስለሚረግብ በየሳምንቱ መታየት አለበት። መለኪያ ያለው መንፊያ ይጠቀሙ፤ ልኩም በጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። የተጻፈውን ከፍተኛ ቁጥር ግን እንደ ግዴታ አይውሰዱት፤ በጣም የተነፋ ጎማ ሸካራ መንገድ ላይ ሲነጥር ነጂውንም አብሮ ስለሚያነጥረው፣ ወደፊት መሄድ የነበረበት ጉልበት ወደ ላይ ይባክናል።

ሁለቱንም ጎማዎች በየተራ ከመሬት አንሥቶ ሳያሽከረክሩ ስለ ብስክሌት መፍረድ ሌላው ስህተት ነው። አንድ ወጣት ኮርቻውንና መሪውን በቀላል ዕቃ ለውጦ ካበቃ በኋላ ተስፋ ቆርጦ መጣ። የኋላውን ጎማ አንሥቼ ሳዞረው ግማሽ ዙር እንኳ ሳይሞላ ቆመ። ጎማው ተፈትቶ ሲመለስ በሚታሰርበት ቦታ ላይ ጠመም ብሎ ስለታሰረ፣ የፍሬኑ ላስቲክ በአንድ ወገን ሳይለቀው ይዞት ኖሯል። ቡሎኖቹን አላልቼ ጎማውን አቃናሁና መልሼ አሰርኩት፤ ሥራው ከአምስት ደቂቃ አላለፈም።

በእሱ ላይ ለመሳቅ ግን መብት የለኝም። ጀማሪ ሳለሁ በራሴ ብስክሌት የፊት ጎማ ኩሽኔታ (ጎማውን የሚያሽከረክሩት የብረት ኳሶች ያሉበት ክፍል) ላይ ጥቂት መወላወል አየሁና፣ እንዳይንቀሳቀስ አድርጌ አጥብቄ አሰርኩት። ከዚያ በኋላ ለወራት ጉልበቴ የደከመ መስሎኝ ነበር። ኋላ ስፈታው ኳሶቹ የሚሽከረከሩበት ገጽ ተቦርቡሮ አገኘሁት። በተለይ በእጅ ማጠፊያ የሚታሰር ጎማ ማጠፊያው ሲጠብቅ ፐርኖውን (ጎማው የሚዞርበትን የመሐል ዘንግ) በመጠኑ ስለሚጨምቀው፣ ኩሽኔታው አስቀድሞ ለአመል ያህል ላላ ተደርጎ መተው አለበት።

ኮርቻን ዝቅ ማድረግ የጀማሪዎች ሁሉ ልማድ ነው፤ ሲቆሙ ሁለቱም እግሮቻቸው መሬት እንዲረግጡ ይፈልጋሉና ፍርሃታቸው ይገባኛል። ነገር ግን ጉልበቱ ታጥፎ የሚቀር ሰው ደረጃን ቁጢጥ ብሎ እንደሚወጣ ነው። ተረከዝዎን በፔዳሉ ላይ አድርገው ፔዳሉ ከሥር ሲደርስ እግርዎ ቀጥ ካለ፣ ሲነዱ በፊተኛው የእግርዎ ክፍል ስለሚረግጡ ጉልበትዎ ትክክለኛውን ትንሽ እጥፋት ያገኛል።

በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ መርገጥን እንደ ጉብዝና የሚቆጥሩም አሉ። በአንድ ዓይነት ፍጥነት በደቂቃ 50 ዙር የሚረግጥ ሰው፣ 80 ዙር ከሚረግጠው ይልቅ በእያንዳንዱ ርግጫ 60 በመቶ የበለጠ መግፋት አለበት፤ ቀድሞ የሚዝለውም እሱ ነው። ማርሹን ዳገቱ መሐል ከመቀየር ይልቅ ዳገቱ ሳይጀምር ያቅሉት።

ሰንሰለትን ዘይት ማልበስ ጥሩ ነው፣ ማጥለቅለቅ ግን አሸዋ መጋበዝ ነው፤ ዘይትና አሸዋ ተቀላቅለው ብረቱን እንደ ሞረድ ይበሉታል። ዘይቱን በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ጠብ ጠብ አድርገው ካስገቡ በኋላ ውጭውን በጨርቅ ይጥረጉት። ዝገት ለማስለቀቅ የሚረጨው ስስ ፈሳሽ የሰንሰለት ዘይትን አይተካም፤ ያለውንም አጥቦ ይወስደዋል። አዲስ ሰንሰለት በ24 መገጣጠሚያዎች ርቀት 304.8 ሚሊ ሜትር ይለካል፤ ወደ 306.3 ከደረሰ የማርሹን ጥርሶች ሳያበላሽ ይቀየር።

ንዝረት የሚያበርድ ሞላ (ስፕሪንግ) ያለውን ብስክሌት፣ አስፋልት ላይ የሞላውን መቆለፊያ ክፍት ትቶ ቆሞ መርገጥም ስህተት ነው፦ ሞላው ባጎነበሰ ቁጥር የእርስዎን ጉልበት ይበላል።

ሁሉም ተስተካክሎ ብስክሌቱ አሁንም «ከባድ» ከሆነ ነፋሱን ሳያዩ መልሰው አያምጡልኝ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየር ግፊት አራት እጥፍ፣ ግፊቱን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ኃይል ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ደረቱን ገልብጦ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣበት የሚታገለው ከብስክሌቱ ጋር አይደለም። አንድ ደንበኛዬ ጠዋት ሲሄድ የሚፈጥንና ማታ ሲመለስ የሚከብድ ብስክሌት ይዞ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል፤ በሦስተኛው ቀን አብሬው ብነዳ መንገዱ ለዓይን የማይታይ ቁልቁለት ሆኖ አገኘነው።