አናባቢዎችን በአገጭ፣ በከንፈርና በሹክሹክታ መለየት

ለጊዜው ፊደሉን እርሱት። ስለ አናባቢ ሲነሳ ሁላችንም ወደ ሀ ሁ ሂ ሃ እንሮጣለን፤ አናባቢ ግን ወረቀት ላይ ከመስፈሩ በፊት አፍ ውስጥ ነው የሚሠራው። እዚያ ምን እንደሚካሄድ ካወቃችሁ የማትችሉትን ቋንቋ ድምፅ ሳይቀር ማውጣት ትችላላችሁ። መስታወትና ጣታችሁ ይበቃል።

"ስስስ" በሉ። ምላስ መንገዱን ስላጠበበው አየሩ ያፏጫል። አሁን "አ" በሉ፣ አየሩን የሚያግደው ነገር የለም። የተናባቢና የአናባቢ ልዩነት ይኸው ነው። ከጉሮሮ የሚነሳው ድምፅ ለሁሉም አናባቢ ያው ነው፤ ኢን ከኡ የሚለየው አፋችን የሚይዘው ቅርፅ ነው።

ቅርፁን የሚቀይሩት ሦስት ነገሮች ናቸው። ጣታችሁን አገጫችሁ ላይ አድርጉና "ኢ፣ ኤ፣ አ" በሉ። አገጭ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል፣ ምላስም አብሮ። (ሐኪም ጉሮሮ ሲያይ "አ በል" የሚለው ለዚህ ነው፤ "ኢ በል" ቢል ምላስ ሽቅብ ወጥቶ ይጋርደዋል።) ቀጥሎ "ኢ፣ ኡ" እያላችሁ ተመላለሱ፦ ምላስ በሁለቱም ከፍ ይላል፣ በኢ ወደ ፊት፣ በኡ ወደ ኋላ። ሦስተኛውን መስታወቱ ያሳያችኋል፣ ኡ እና ኦ ላይ ከንፈር ክብ ይሠራል። እ እና ኧ መሀል ሰፋሪ ናቸው። ኧን ለመያዝ "ኧረ" በሉ፤ በአ ወይም በሀ አትለማመዱት፣ እነሱ ግዕዛቸው (የመጀመሪያው ቅርፅ) እንደ ራብዕ (እንደ አራተኛው) ነው የሚነበበው። በ፣ ለ፣ ደ ይሻላሉ።

ከሁሉም የምወደው ሙከራ ግን የሹክሹክታው ነው። ጸጥ ያለ ቦታ ሁኑና ድምፅ ሳታወጡ፣ በሹክሹክታ ብቻ "ኢ ኤ አ ኦ ኡ" በሉ፣ ቀስ እያላችሁ። ከቀጭን ወደ ወፍራም የሚወርድ ዜማ ትሰማላችሁ። የድምፅ አውታሮች እኮ አይርገበገቡም፣ ታዲያ ዜማው ከየት መጣ? ከአፍ ቅርፅ ነው፣ ጠርሙስ አፉ ላይ ሲነፋ እንደ ውኃው መጠን ድምፁ እንደሚለያየው። በሹክሹክታ የተነገረንን ሁሉ የምንረዳውም ለዚህ ነው።

አሁን አዲስ አናባቢ እንሥራ። "ኢ" ብላችሁ ያዙ፣ ምላሳችሁን ንቅንቅ ሳታደርጉ ከንፈራችሁን ብቻ ለኡ እንደምታደርጉት አሹሉ። ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛና ቱርክኛ ውስጥ ያለችው ድምፅ ይቺ ናት። ብዙ ሰው ላይ ምላስ ሳይታወቀው ወደ ኋላ ይሸሽና ኡ ይሆንበታል፤ እንዲያ ከሆነባችሁ ኢን አስረዝሙና ከንፈሩን መሀል ላይ ቀይሩ። በ"ኤ" ሞክሩት፣ ሌላ እህት ድምፅ ይወጣል።

ቋንቋ ሁሉ ከዚህ ቦታ የሚመርጠው የየራሱን ነው። ስፓኒሽ 5 አናባቢ ይበቃዋል፣ አማርኛ 7 ይዟል፣ መደበኛ ዓረብኛ 3ቱን እያሳጠረና እያረዘመ 6 ያደርጋቸዋል። የብሪታንያ መደበኛ እንግሊዝኛ ግን በ5 የአናባቢ ፊደላት ወደ 20 የሚጠጉ ድምፆችን ይጽፋል፣ ስለዚህ እሱን በፊደል ለመማር መሞከር ድካም ነው፤ አዳምጡት።

የኛም ፊደል ቢሆን ሳድስ (ስድስተኛው ቅርፅ፣ እንደ ብ፣ ር፣ ድ) ላይ ያታልላል፤ አንዳንዴ እ ይከተለዋል፣ አንዳንዴ ምንም። "ብርድ" ሦስት ሳድስ ነው፣ ግን ጎትታችሁ ስትሉት "ብእእርድ" ነው የሚሆነው፣ አናባቢዋ አንዲት ብቻ ናት። "ክብር" ላይ ግን ሁለት ናቸው፣ ከክ በኋላና ከብ በኋላ። ለምን? ቃል መጨረሻ ላይ "ርድ" ምላስ ላይ ይቀላል፣ "ብር" ግን ያለ አናባቢ ይከብዳል፤ ስለዚህ አፍ ራሱ እ ይሰነቅርበታል። "ልብስ" እና "ምግብ" ላይ ሞክሩት።

ሁለት አናባቢ ሲጋጠምም አማርኛ ዝም ብሎ አያሳልፈውም። ወይ አንዱን ይውጠዋል፣ "የአንተ" ያንተ፣ "ለእኔ" ለኔ ይሆናል፤ ወይ መሀላቸው ወ ያስገባል፣ "በሬ" ሲበዛ በሬዎች እንደሚባለው። ጽሑፍ ጮክ ብላችሁ የምታነቡ ከሆነ እነዚህን አትነጣጥሏቸው፤ "የ... አንተ" እያለ የሚያነብ ሰው ዜና እንኳ ቢያነብ ፊደል የሚቆጥር ነው የሚመስለው።