የመጀመሪያ ጺም ችግሮች፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሄው

ጺሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያሳድግ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ተስፋ የሚቆርጠው በሁለተኛውና በአራተኛው ሳምንት መካከል ነው። ያሳክከዋል፣ ጉንጩ ላይ ባዶ ቦታ ያያል፣ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ በሾፌሩ መስታወት ፊቱን ሲያይ ደግሞ አረም የዋጠው ማሳ ይመስለዋል፤ ማታ ቤቱ ሲገባ ምላጭ ያነሣል። እኔም ባሕር ዳር ውስጥ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተላጭቻለሁ። በአራተኛው ሁለት ነገር መመዝገብ ጀመርኩ፦ ምልክቱ ከተላጨሁ በስንተኛው ቀን እንደታየና የፊቴ የትኛው ክፍል ላይ እንደሆነ። እነዚህ ሁለቱ ከታወቁ ከችግሮቹ ብዙዎቹ መድኃኒት ቤት ሳይኬድ ይለያሉ፤ ቤት ውስጥ መነካካት የሌለባቸው ጥቂቶቹም ቶሎ ይታወቃሉ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማሳከክ፣ ቆዳው ግን ደህና ሲሆን

መንስኤው የመጨረሻው መላጨት ነው። ምላጭ ፀጉሩን ቆርጦ ስለታም ጫፍ ይተውለታል፤ አጭሩ ፀጉር በትንሹ ሲያድግና ሲጠመዘዝ ያ ጫፍ አጠገቡ ያለውን ቆዳ ይወጋል። ፀጉሩ ረዝሞ ሲለሰልስ፣ ማለትም በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ፣ ማሳከኩ በራሱ ይቀንሳል። እስከዚያው በቀን አንድ ጊዜ ለብ ባለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና መታጠብ፣ ከዚያም ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ሦስት አራት ጠብታ ዘይት ማሸት ይበቃል። በልብስ ሳሙና መታጠብ ግን የቆዳውን ቅባት ጨርሶ ስለሚወስድ ነገሩን ያባብሰዋል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ሙቀት ላብና የመንገድ አቧራ ስለሚጨመሩ ከቤት ውጭ የሚሠራ ሰው ማታ ቢደግመው አይጎዳውም። ጣና ውስጥ ዋኝቶ ከወጣ በኋላ ክንድና እግር ጭምር የሚያሳክከው ሰው ግን ጺሙን አይውቀስ፤ በሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዚያ ስላለ መመርመር ይኖርበታል።

ጥቁር ሸሚዝ ላይ የሚረግፍ ፎሮፎር

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። ቅርፊቱ ነጭ፣ ደቃቅና ደረቅ ከሆነ የቆዳ መድረቅ ነውና ከላይ የተባለው ዘይት ይፈታዋል። ቅርፊቱ ወደ ቢጫ የሚያደላና ወዛም ከሆነ፣ በተለይም በአፍንጫ ዳርና በቅንድብ ላይም ከታየ፣ መንስኤው በሁሉም ሰው ቆዳ ላይ የሚኖረው ማላሴዚያ የሚባል እርሾ መሰል ፈንገስ ከልክ በላይ ሲራባ የሚያስከትለው የቆዳ መቆጣት ነው። መጻሕፍት «ቆዳው ይቀላል» ይላሉ፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ብዙ ጊዜ አይታይም፣ ይልቁንም ከአካባቢው ነጣ ወይም ጠቆር ያለ ቦታ ሆኖ ይገኛል። ይህ ፈንገስ የሚመገበው ቅባት ስለሆነ እናቶቻችን በቅን ልብ የሚያዝዙት ቅቤም ሆነ የወይራ ዘይት ለዚህኛው ቀለብ መስጠት ነው። ኬቶኮናዞል የተባለው ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ያለበትን ሻምፖ በሳምንት ሁለት ጊዜ ጺሙ ሥር ድረስ አሽቶ አምስት ደቂቃ ያህል ማቆየትና በደንብ ማለቅለቅ፣ ይህንንም ለአንድ ወር መቀጠል የተለመደው መፍትሄ ነው።

አንገትና አገጭ ሥር የሚወጡ ጠንካራ እብጠቶች

ጥቅል ፀጉር ላለን ሰዎች ዋናው ጣጣ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው «ብጉር» ብሎ ስለሚጠራው በብጉር ቅባት ሲያክመው ይከርማል። ጥቅል ፀጉር ከሥሩ ጀምሮ በቅስት መልክ ስለሚያድግ፣ በምላጭ የተሳለው ጫፉ ወይ ገና ከቆዳው ሳይወጣ ጎኑን ይበሳል፣ ወይ ከወጣ በኋላ ተጠማዝዞ ተመልሶ ይገባል። ሰውነትም የገባውን ፀጉር እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮ ስለሚዋጋው ቦታው ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ አንዳንዴም መግል ይቋጥራል። የስልክ መብራት ከጎን አብርቼ መስታወት ፊት ስቆም ያየሁት ይህንኑ ነው፤ ማንቁርቴ አጠገብ አንድ ፀጉር እንደ ቀለበት ታጥፎ ሁለቱም ጫፎቹ ቆዳ ውስጥ ተቀብረው ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ፀጉር አስተካካዩ «እንዲጠራልህ» ብሎ ቆዳዬን ወጥሮ ከታች ወደ ላይ ሦስት ጊዜ መላጨቱን ያስታወስኩት ያኔ ነው።

ለዚህ ችግር ጺም ማሳደጉ ራሱ መድኃኒት ነው፤ ምላጭ ቢያንስ ለአንድ ወር ከቆመ፣ የተቀበረው ፀጉር ሲረዝም እንደ ሞላ ሽቦ ተወጥሮ ራሱን ያወጣል። ችግሩ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከመሻሉ በፊት ሊብስ መቻሉ ነው፤ ብዙዎች ተመልሰው የሚላጩትም በዚያ ጊዜ ነው። ጠዋትና ማታ በሙቅ ውሃ የተነከረ ንጹህ ጨርቅ ለአሥር ደቂቃ መያዝ ይረዳል። የፀጉሩ ቀለበት ከላይ የሚታይ ከሆነ በአልኮል በተጠረገ መርፌ ጫፉን ማላቀቅ ይቻላል፤ መንቀል ግን አይገባም፣ የተነቀለው ከቆዳ በታች እንደ አዲስ በቅሎ ያንኑ ችግር ይደግመዋልና። ማፍረጥም አያስፈልግም፤ የእኛ ቆዳ ጠባሳን አሳብጦ ኬሎይድ የማድረግ ዝንባሌ አለው። የቀረውን ጥቁረት ለማጥፋት የሚሸጡ የሚያነጡ ክሬሞችን መቀባት ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው፤ ጥቁረቱ በወራት ውስጥ በራሱ ይደበዝዛል።

የአንገቱን መስመር ማስያዝ የፈለገ ሰው ከማንቁርቱ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ይለካና ከዚያ በታች ያለውን ብቻ በቶንዶስ ያስነካ። ለባለሙያው የሚነገረው አጭር ነው፦ «ወንድሜ፣ ቆዳውን ሳትወጥር በአንድ ቁጥር አድርግልኝ።» አንድ ቁጥር ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያስቀር ጫፉ ወደ ቆዳ የመመለስ ዕድሉ ያንሳል።

ያበጠ፣ የሚያዥ፣ ፀጉሩም ያለ ሕመም የሚነቀል ቦታ

እስካሁን ከተባሉት ሁሉ ይህን መለየት ይበልጣል። ገጠር ወላጆቹ ዘንድ ለበዓል ሄዶ ጥጃ ሲያስር የከረመ ሰው፣ ከተመለሰ በኋላ በአንድ በኩል ጺሙ ሥር እንደ እባጭ የለሰለሰ፣ መግልና ቅርፊት ያለበት ቦታ ካገኘ፣ ፀጉሩም ሲሳብ ያለ ሕመም ከወጣ፣ ከከብት የተላለፈ ጭርት ሊሆን ይችላል። ፈንገሱ የፀጉሩ ሥር ድረስ ስለሚገባ የሚቀባ ብቻውን አይበቃውም፤ በሐኪም ትእዛዝ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። «ለማሳከክ» ተብሎ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ቤታሜታዞን የተባለው ስቴሮይድ (የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት) ያለበት ቅባት ለጥቂት ቀናት የዳነ አስመስሎ ፈንገሱን ያስፋፋዋል። ፎጣና ምላጭ ለብቻ ማድረግ ግዴታ ነው፤ ጥጃውም መታየት አለበት።

ጉንጭ ላይ የሳሳ ጺም

ከአገጭና ከከንፈር በላይ ያለው ቀድሞ ይሞላል፤ ጉንጭ ይዘገያል፣ ብዙ ሰው ላይም እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ መጨረሻ እየሞላ ይሄዳል። ጺም በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ ጥቅል ፀጉር ግን ስለሚሰበሰብ ግማሹን ይመስላል፤ ስለዚህ ለመለካት አንዱን ፀጉር ወጠር አድርጎ በማስመሪያ ማየት ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ መፍረድ አይገባም። ደጋግሞ መላጨት ያበዛዋል የሚባለው እውነት አይደለም፤ ሚልድረድ ትሮተር የተባለች አሜሪካዊት የአካል ሳይንስ ተመራማሪ በ1928 እ.ኤ.አ. የወንዶችን ጺም መርምራ መላጨት እድገቱንም ውፍረቱንም እንደማይለውጥ አሳይታለች። ፀጉር ለማብቀል የሚቀባው ሚኖክሲዲል የተዘጋጀው ለራስ ፀጉር ነው፤ የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር ሊነካው አይገባም። ከሳሳው ጋር የማይምታታው ግን ቀድሞ ሞልቶ የነበረ ቦታ በድንገት እንደ ሳንቲም ክብና ልሙጥ ሆኖ ሲራቆት ነው፤ እሱ የቆዳ ሐኪም ጉዳይ ነው።

«እግዚአብሔር ያጽናህ» የሚል ሰው መብዛት

መንስኤው ባህላችን ነው። በእኛ ዘንድ ያልተስተካከለ ጺም የሐዘን ምልክት ስለሆነ፣ በሦስተኛው ሳምንት ሰፈር ውስጥ አንዲት እናት አስቁመውኝ «ልጄ፣ ማን ሞተብህ?» ብለው በእውነት ደነገጡ፤ አክስቴ ደግሞ ከጣና ገዳማት ወደ አንዱ ልመንን የተነሣሁ መስሏት ነበር። ሐዘንተኛ መስመር አያስይዝም፤ አንገቱና የጉንጩ ዳር ከተስተካከለ ሰው ሆን ተብሎ የተተወ ጺም መሆኑን ወዲያው ይረዳል፣ ጥያቄውም ይቆማል። ከንፈር ላይ የሚወርደውንም በትንሽ መቀስ መከርከም ይጠቅማል፤ አክስቴ አሣ ጥብሱን በአዋዜ ነክራ ስታጎርሰኝ ግማሹ የሚቀረው እዚያ ላይ ነበር።