ልጃችንን ታክስ ላይ ሳናስገባት ቀርተን ነበር፤ ያስተካከልነው እንዲህ ነው

ልጃችን የተወለደችው ዲሴምበር 28 ቀን 2024 ነው። ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ የ2024ን የአሜሪካ ታክስ ልናሠራ ስንሄድ መለያ ቁጥሯ ያለበት የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዷ ገና አልደረሰም። ታክስ የሚሠራልን ሰው "የሦስት ቀን ልጅ ምን ታመጣላችኋለች? ለከርሞ ትገባለች" አለን። ፈርመን ወጣን። እንቅልፍ ያጣ ወላጅ የማይፈርመው ነገር የለም።

ሰውየው ተሳስቶ ነበር። በዓመቱ የመጨረሻ ቀን የተወለደ ልጅ እንኳን ዓመቱን ሙሉ አብሯችሁ እንደኖረ ይቆጠራል። ይህን የነገረኝ የአጎቴ ልጅ ነው፤ በክርስትናዋ ዕለት፣ ገና እንጀራ ሳላነሳ። ልጅ ላለው ሰው ከታክሱ ላይ የሚቀነሰው የ2024 ቻይልድ ታክስ ክሬዲት በልጅ እስከ 2,000 ዶላር ነው። የበላሁት አልተዋጠልኝም።

መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ የልጁ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር መቼ እንደወጣ ነው። ለዚህ ክሬዲት ቁጥሩ የሪተርኑ (የዓመቱ የታክስ ማመልከቻ) ቀነ ገደብ ሳያልፍ መውጣት አለበት። የእኛ በፌብሩዋሪ አጋማሽ መጣ፤ ከኤፕሪል 15 በፊት ስለሆነ ተረፍን። ከቀነ ገደቡ በኋላ የወጣ ከሆነ ግን ሪተርኑን ብታስተካክሉትም ክሬዲቱ አይገኝም። ስለዚህ ካርድ የዘገየበት ሰው ቸኩሎ ፋይል ከሚያደርግ በፎርም 4868 እስከ ኦክቶበር 15 ቢያራዝም ይሻለዋል። የሚከፈል ታክስ ካለ ግን ክፍያው አይራዘምም።

ለማስተካከል ጊዜ አለ። በአብዛኛው ሦስት ዓመት ነው። በፌብሩዋሪ ፋይል ብታደርጉም የሚቆጠረው ከኤፕሪል 15 ስለሆነ እኛ እስከ ኤፕሪል 2028 ድረስ ጊዜ ነበረን። ብቻ የመጀመሪያው ሪተርን ሳያልቅ፣ ሪፈንዱም (ተመላሽ ገንዘቡም) ሳይገባ ሁለተኛውን አትላኩ። ነገሩ ይደበላለቃል።

የማስተካከያው ፎርም 1040-ኤክስ ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሥራው ሦስት ዓምድ ነው። ኤ ላይ መጀመሪያ የጻፋችሁት፣ ቢ ላይ ልዩነቱ፣ ሲ ላይ ትክክለኛው ይገባል። በእኛ ቁጥር ላሳያችሁ። ታክሳችን 3,415 ዶላር ነበር፤ እሱ አልተለወጠም። የክሬዲቱ መስመር ላይ ኤ ዜሮ፣ ቢ 2,000፣ ሲ 2,000 ሆነ። ስለዚህ ታክሱ ወደ 1,415 ወረደ። ከደሞዛችን የተቆረጠው 4,100 ነው። እዚህ ጋ ባለቤቴ "በቃ 2,685 ይመጣል!" ብላ ደስ አላት። አይመጣም። ቀድሞ የወሰድነው 685 ዶላር ሪፈንድ ፎርሙ ላይ ተመልሶ ይቀነሳል። የሚቀረው 2,000 ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህች መስመር ላይ ነው።

ከዚያ የልጁን ስም፣ ቁጥርና ዝምድና በዲፔንደንት (ጥገኛ) ቦታ ሞልታችሁ የልጅ ክሬዲቱ የሚሰላበትን ስኬጁል 8812 ታያይዛላችሁ። ለምን እንዳስተካከላችሁ የሚጠይቅ ክፍልም አለ። ታሪክ አያስፈልገውም። እኛ "በ2024 የተወለደች ልጃችንን ሳናስገባ ቀርተን ነበር" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፍን። አብራችሁ ፋይል ያደረጋችሁ ባልና ሚስት ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ። ገቢያችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ ኧርንድ ኢንካም ክሬዲትንም አብራችሁ እዩ። ያላገባ ሰው ከሆናችሁ ደግሞ ልጁ ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ (የቤተሰብ ኃላፊ) ሊያደርጋችሁ ይችላል፤ እሱ ብቻውን ታክሱን ይቀንሰዋል።

በኮምፒውተር ከላካችሁት ሪፈንዱ በቀጥታ ባንካችሁ ሊገባ ይችላል። ከሦስት ሳምንት በኋላ በታክስ መሥሪያ ቤቱ በአይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ የት እንደደረሰ ታያላችሁ። ከ8 እስከ 12 ሳምንት ጠብቁ ይላሉ፤ 16 የሚደርስበትም ጊዜ አለ። የእኛ 11 ፈጀ። በየቀኑ መክፈት ምንም አያፋጥንም፤ ሞክሬዋለሁ።

ተለያይታችሁ የምትኖሩ ከሆነ ከመላካችሁ በፊት ተነጋገሩ። አንድን ልጅ ሁለት ሰው አያስገባም። ሁለታችሁም ካስገባችሁት ቅድሚያ የሚያገኘው ልጁ በዓመቱ ብዙ ሌሊት አብሮት ያደረው ወላጅ ነው። እሱ ለሌላው መልቀቅ ከፈለገ ፎርም 8332 ይፈርማል።

አዲስ አበባ ያሉትን የእህት ልጆችስ? በየወሩ ብር ብትልኩም፣ ትምህርት ቤት ብትከፍሉም፣ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ ካልሆኑ አይገቡም። ይህን ስነግራቸው ብዙ ሰዎች ይናደዱብኛል።

የፌዴራሉ ሲያልቅ ስቴቱን አትርሱ። እኛ ሜሪላንድ ስለሆንን የስቴቱን ማስተካከያ ፎርም 502ኤክስን ጥገኞች ከሚዘረዘሩበት 502ቢ ጋር ላክን። ለልጅ 3,200 ዶላር ገቢ ከታክስ ነፃ ስለሚያደርግ ከስቴቱና ከካውንቲው ተደምሮ 250 ዶላር ገደማ ወጣልን። የካር ሲቷን ዋጋ ሸፈነልን።