ሙዚየም ውስጥ ፊልም ልታሳዩ ነው? ከአቡጀዲው በፊት እነዚህን እዩ

ባሕር ዳር ላይ ፊልም እናሳይ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ላይ ነው የሚያርፈው። ትልቅ አዳራሽ ነው፣ መድረክም አለው። ሃምሳ ስልሳ ሰው ሆኖ ፊልም አይቶ ከሠራው ሰው ጋር ለመጨዋወት ግን ትንሽ የሙዚየም ክፍል ይሻላል ባይ ነኝ። ዳይሬክተሩ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጦ ሳለ ሰው ዝም ብሎ አይወጣም። ጥቂት ጊዜ አዘጋጅቻለሁ፣ ያበላሸሁትም ስላለ ያንኑ ነው የምነግራችሁ።

መጀመሪያ ፊልሙን ምረጡ፤ ስትመርጡ ርዝመቱን እዩ። የኃይሌ ገሪማ ጤዛ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘ ግሩም ፊልም ነው። ግን 140 ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ ለውይይት የሚቆየው ወንበር ሰብሳቢው ብቻ ነው፣ ኃይሌም ያለው አሜሪካ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ሁለት አጫጭር ፊልሞች፣ ወይም ከ90 ደቂቃ ያልበለጠ አንድ ፊልም ይበቃል። ሠሪውም ተሳፍሮ ሊመጣ የሚችል ይሁን።

ፈቃድ ሁለት ነው፦ የሙዚየሙና የፊልሙ ባለቤት። «ዩቲዩብ ላይ አለ እኮ» ፈቃድ አይደለም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራን ለሕዝብ የማሳየት መብት የባለቤቱ ነው፤ መግቢያው ነጻ ቢሆንም ማስፈቀድ ነው። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ስንት ጊዜ እንደምታሳዩና ውይይቱን በቪዲዮ ትቀርጹ እንደሆነ ጽፋችሁ አስፈርሙ። ግማሽ ገጽ ይበቃል።

ሙዚየሙን ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቁ። ጣና ዙሪያ ስለሆንን ብራና ሊኖር ይችላል። ለብራና የሚመከረው ብርሃን ከ50 ለክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አይበልጥም፣ ስለዚህ «ለፎቶ እንዲያምር» ብላችሁ ትልቅ አምፖል አታብሩበት። ግድግዳ ላይ ሚስማር የለም። ቡናና ቆሎው ውጭ በረንዳ ላይ ይሁን። ጄኔሬተሩም እንደዚሁ ውጭ፣ ራቅ ብሎ። መብራት መሄዱ አይቀርምና ለፕሮጀክተሩና ለላፕቶፑ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ፈልጉ፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ፊልሙ ሳይቆረጥ ያሻግራችኋል።

ስክሪን ከሌለ ነጭ ግድግዳ፣ እሱም ከሌለ አቡጀዲ። አቡጀዲ ጠባብ ስለሆነ መስፋት ግድ ነው። እኔ መሃል ለመሃል አሰፍቼው ፊልሙ ላይ ያለችው ልጅ ባለቀሰች ቁጥር ስፌቱ አፍንጫዋ ላይ ያርፍ ነበር። ስፌቱን ወደ ታች አውርዱት፣ በደንብ ተኩሱት፣ ከታች ዘንግ አስገቡበት፤ ካለበለዚያ ነፋስ በገባ ቁጥር ሰዎቹ ይወዛወዛሉ። ስፋቱ 3 ሜትር ከሆነ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ገደማ ይሆናል። የታችኛው ጠርዝ ከተቀመጠ ሰው ጭንቅላት በላይ ይሁን፣ 1 ሜትር ከ20 በቂ ነው። ብዙዎቹ ተራ ፕሮጀክተሮች ለዚህ ስፋት ከ4 ሜትር ተኩል አካባቢ ይቀመጣሉ፤ መካከለኛው ረድፍ ላይ የአንድ ወንበር ቦታ መሥዋዕት አድርጉ።

«ለምን ሐይቁ ዳር ሜዳ ላይ አናሳይም?» የሚል ሁሌም አይጠፋም። ያምራል፣ አዎ። ግን ከሐይቁ የሚመጣ ትንኝ ሁሉ ፕሮጀክተሩ ብርሃን ላይ ይሰበሰባል፣ አንዷ የእሳት ራት ሌንሱ ላይ ካረፈች ስክሪኑ ላይ አሞራ ታክላለች።

ሰዓቱ ላይ ብዙ ተከራክረናል። እኔ ቅዳሜ 10 ሰዓት እላለሁ። ፀሐይ ስላለች መስኮቱን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኑ። የ90 ደቂቃ ፊልም፣ ትንሽ እረፍት፣ 40 ደቂቃ ውይይት፤ 12 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ታልቃላችሁ፣ ባጃጅም አይጠፋም። ሐምሌና ነሐሴን ግን ተዉት። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነና ዝናቡ ከጀመረ የትኛውም ስፒከር አያሸንፈውም።

ፋይሉን ከሁለት ቀን በፊት በዚያው ላፕቶፕ፣ በዚያው ክፍል፣ እስከ መጨረሻው አጫውቱት። ፍላሹ ፎርማት የተደረገው በፋት 32 (FAT32) ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ በኤክስፋት (exFAT) ፎርማት አድርጉት። የአማርኛ ትርጉም ጽሑፍ ካለው ደግሞ በተለይ ተጠንቀቁ። አንዴ በአገውኛ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ስናሳይ ፊደሉ ሁሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ወጣ፣ ከታዳሚው አገውኛ የሚችል አንድ አባት ተነሥተው እየተረጎሙልን ጨረስን። ትርጉሙ ፊልሙ ላይ ታትሞ ይምጣ፣ ወይም ላፕቶፑ ላይ የግዕዝ ፊደል መኖሩን አረጋግጡ።

አሁን ወደ ውይይቱ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው። አወያዩ ፊልሙን ቀድሞ ያየ ሰው ይሁን፣ የክብር እንግዳ ስለሆነ ብቻ አይመረጥ። የዳይሬክተሩን የሕይወት ታሪክ አያንብብ፤ ወረቀቱ በር ላይ ይታደል። የመጀመሪያውን ጥያቄ ራሱ ይጠይቅ፣ ጥያቄውም አንድ የታየ ነገር ላይ ይሁን፦ «እናትየው በሩን ስትዘጋ ካሜራው ለምን ውጭ ቀረ?» ዓይነት። «ፊልሙን እንዴት ሠራኸው?» ከተባለ ሰውየው ከልጅነቱ ይጀምራል።

ማይኩን አትስጡ። አወያዩ ራሱ ይዞ ይዙር። ማይክ የጨበጠ ሰው «አስተያየትም ጥያቄም አለኝ፣ ሦስት ነጥብ ነው» ካለ አሥር ደቂቃ ሄደ። ትልቅ ሰው ከሆኑ ማቋረጥ ነውር ነው፤ ግን ትንፋሽ ሲወስዱ «ጋሼ፣ ይቺን ነጥብ አሁኑኑ እናስመልስልዎ» ብሎ ማይኩን ወደ ዳይሬክተሩ ማዞር ይቻላል። ማንም አይቀየምም። ለመጀመሪያው የታዳሚ ጥያቄ ዕድሉን ለሴት ስጡ፤ ወንድ ከጀመረ ሰዓቱ እስኪያልቅ ወንዶች ብቻ ሲናገሩ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ለሚያፍሩት ብጣሽ ወረቀትና እስክሪብቶ ወንበር ላይ አስቀምጡ። ምርጦቹ ጥያቄዎች ከዚያ ነው የሚወጡት።

የእንግዳውን የትራንስፖርትና የአልጋ ሒሳብ ከመምጣቱ በፊት ጨርሱ። በነጋታው እዚያው በሐይቁ ዳር ዓሣ ጋብዙት፤ ጾም ከሆነ ግን ዓሣ ይበላ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁት።