ድንች በልጣጩ ለኳስ ምሽት፦ ለምን ይልፈሰፈሳል? ምን ይደረግ?

ደሴ፣ እኛ ቤት ኳስ ለማየት ዘጠኝ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ለእረፍት ሰዓት ብዬ ድንች በልጣጩ ሠራሁ። ቺዙ ቀልጧል፣ የቋንጣው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ሲያነሱት ግን መሃሉ ታጠፈ። ላዩ ላይ ያለው ሁሉ ሳህን ላይ ተደፋ። ጎረቤታችን እትዬ አንዱን በጣታቸው ጫን አድርገው አዩና «ልጄ፣ የዚህ ድንች ውሃው አልወጣለትም» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ሠርቼዋለሁ። እትዬ ያሉት ልክ ነበር። በዚህ ምግብ ላይ የሚደርሰው ችግር ሁሉም ባይሆን አብዛኛው ከውሃ ይመጣል። ድንቹ ውስጥ የቀረ ውሃ፣ ሲታጠብ ልጣጩ ላይ የቀረ ውሃ፣ ከቲማቲሙና ከአይቡ የሚወርድ ውሃ። ይህን ከያዛችሁ ግማሹ ችግር ከመምጣቱ በፊት ይቀራል።

ምግቡን ለማታውቁት፦ ድንቹ ከነልጣጩ ይጋገራል፣ ለሁለት ይሰነጠቃል፣ ሆዱ በማንኪያ ይወጣል። የቀረው ልጣጭ ቅባት ተቀብቶ እንደገና ይጋገርና ቺዝ፣ ሥጋ፣ ሽንኩርት ይጫንበታል። አሜሪካኖች በፈረንጆቹ 1970ዎቹ በየምግብ ቤቱ አስለመዱት፤ የራሳቸውን ፉትቦል ሲያዩ ይበሉታል። ደጋው ወሎ ድንች ሞልቶለት እኛ ለኳሳችን የማንሠራበት ምክንያት የለም። ለ10 ሰው 3 ኪሎ ያህል ይበቃል። መካከለኛ ድንች ከሆነ 16 ገደማ ይሆናል፤ ለአንድ ሰው ሦስት ግማሽ ይደርሰዋል።

ልጣጩ ተልፈሰፈሰ፣ ሲያነሱት ይታጠፋል

ዋናው ችግር ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልናገር።

መጀመሪያ ድንቹን ቀቅላችሁት ከሆነ ምክንያቱ እሱ ነው። የተቀቀለ ድንች ውሃውን ይዞ ይወጣል። ኦቨን ካለ አትቀቅሉ፣ ጋግሩ። በ200 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ከማስገባታችሁ በፊት እጠቡት፤ ከሰኞ ገበያ የመጣ ድንች አፈሩ አብሮት ስለሚመጣ በብሩሽ ፈትጉት። ከዚያ በፎጣ አድርቁት፣ በሹካ አራት አምስት ቦታ ውጉት። እንፋሎቱ በዚያ ይወጣል። ማታ አጥባችሁ ግን አታሳድሩት፤ እርጥብ ድንች ቶሎ ይበሰብሳል።

ሁለተኛው ምክንያት ፎይል ነው። ብዙ ሰው ቶሎ ይበስላል ብሎ ይጠቀልለዋል። ፎይሉ እንፋሎቱን አፍኖ ይይዘዋል። ውስጡ ይበስላል፣ ልጣጩ ግን እንደ ተቀቀለ ይሆናል። ራቁቱን ይጋገር።

ሦስተኛው፣ ከወጣ በኋላ ሳይሰነጠቅ መቆየቱ ነው። ድንቹ እንደወጣ አምስት አስር ደቂቃ ብቻ ስጡት፣ ከዚያ ሰንጥቁት። ሲሰነጠቅ የሚወጣው እንፋሎት ልጣጩን ሊያለሰልስ የነበረው ውሃ ነው። ሆዱን ካወጣችሁለት በኋላም እርስ በርሱ አትደርድሩት። ተለይቶ፣ ሳይከደን ይቀዝቅዝ።

አራተኛው ደግሞ ሁለተኛውን መጋገር መዝለል ነው። እኔም ያን ቀን ያጠፋሁት እዚህ ጋ ነው። ሆዱን አውጥቼ፣ ቺዙን ነስንሼ፣ ለአምስት ደቂቃ መለስኩትና በቃ አልኩ። አይበቃም። ባዶው ልጣጭ ውስጡም ውጪውም ቅባት ተቀብቶ በ220 ዲግሪ መግባት አለበት። መጀመሪያ ተደፍቶ፣ ማለትም ልጣጩ ወደ ላይ ሆኖ 10 ደቂቃ። ከዚያ ይገለበጥና ሌላ 10 ደቂቃ። ጠርዙ ወርቅማ ሲሆን፣ ስትነኩት ኮሽ ሲል ደርሷል። ቺዙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ቅባቱ አንድ ነገር። ለጋ ቅቤ አትቀቡ። ለጋ ቅቤ ውስጡ ውሃ አለው፤ ልጣጩን ያረጥበዋል፣ ኦቨኑ ውስጥም ቶሎ ያርራል። የተነጠረ ቅቤ ግን ውሃውም ዝቃጩም ወጥቶለታል። ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ንጥር ቅቤ ልጣጩ ላይ የሚሰጠውን ጣዕም የፈረንጁ ምግብ አያውቀውም። እኔ ግማሽ ዘይት ግማሽ ንጥር ቅቤ አደርጋለሁ።

ውጪው ጠቁሯል፣ ውስጡ ጥሬ ነው

ድንቹ እኩል አይደለም ማለት ነው። ትንሹ ሲያር ትልቁ አልደረሰም። ስትገዙ ጭብጥ የሚያህለውን ብቻ ምረጡ።

ኢንተርኔት ላይ ያለውን መመሪያ ተከትላችሁ በቴርሞሜትር የምትለኩ ካላችሁ ደግሞ ይህን እወቁ። መመሪያው የድንቹ ውስጥ 98 ዲግሪ ይድረስ ይላል። ደሴ ላይ አይደርስም። ከተማችን ከባህር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ድንቹ ውስጥ ያለው ውሃም እንደዚያው። ኮምቦልቻ ወረድ ስለምትል 94 ትደርሳለች። 98ን ስትጠብቁ ድንቹ ደርቆ ይቀራል። ቢላ ወይም ሹካ አስገቡ። ሳይታገል ከገባ በስሏል። እዚህ ድንች መቀቀል ቆላ ካሉ ዘመዶቻችን ቤት ይልቅ የሚቆየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ድንቹ በስሎም ቀለሙ ቶሎ ከጠቆረና ከጣፈጠ፣ ፍሪጅ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ድንች ብዙ ቀን ሲቀዘቅዝበት ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል፣ ስኳር ደግሞ ቶሎ ያርራል። ፍሪጅ ሳይሆን ጨለማና ነፋሻ ቦታ አስቀምጡት።

ሆዱ ሲወጣ ልጣጩ ይቀደዳል

ወይ በጣም ፍቃችሁታል፣ ወይ ድንቹ ውሃማ ነው። ከድንቹ ሥጋ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ልጣጩ ላይ ተዉለት። ቢላ አትጠቀሙ፣ ማንኪያ ይሻላል።

ድንቹን በተመለከተ ሻጯን «ሲቀቀል የሚፈነዳው የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚፈነዳው ዱቄታማው ነው፣ ለዚህ የሚሆነውም እሱ ነው። ሲቀቀል ድርቅ ብሎ ቅርጹን የሚይዘው ለሰላጣ ይሁን። ገና ለጋ የሆነ፣ በጣት ሲታሽ የሚላጥ ድንችም አይሆንም። ቤት ከገባችሁ በኋላ ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ 11 ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ጨው አሟሙና ድንቹን ጣሉበት። ዱቄታማው ይሰምጣል፣ ውሃማው ይንሳፈፋል።

የተቀደደውን አትጣሉ። ቆራርጣችሁ ጥበሱት፤ ልጆቹ ቀድመው የሚጨርሱት እሱን ነው። የወጣውን ሆድ ደግሞ በሽንኩርትና በቃሪያ አሽታችሁ ለሳምቡሳ አቆዩት።

ይመራል፣ ጉሮሮ ይቆጠቁጣል

ይህን በቅመም ለማስተካከል አትሞክሩ። አትብሉት።

ድንች ፀሐይ ወይም ብርሃን ሲያገኘው አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴው ራሱ አይጎዳም፤ ግን አብሮት ሶላኒን የሚባል መርዛማ ነገር እንደተፈጠረ ይጠቁማል። ሶላኒን የሚበዛው ልጣጩ፣ አይኑና ቡቃያው ላይ ነው። በመቀቀልም በመጥበስም አይጠፋም። ለወጥ ሲሆን ልጣጩ ስለሚጣል አደጋው ይቀንሳል። እዚህ ግን የምንበላው ልጣጩን ነው። ስለዚህ ገበያ ላይ በፀሐይ ተሰጥቶ የዋለውን ተዉት። ቤት ውስጥ አንድ ጎኑ አረንጓዴ የሆነ፣ ያቆጠቆጠ ወይም የተጨማደደ ካለ ለዚህ ምግብ አይግባ። ለእንግዳ የሚቀርብ ነገር ነውና እዚህ ላይ ብትጨክኑ ይሻላል።

ቺዙ አልቀለጠም

አይብ አድርጋችሁ ከሆነ አይቀልጥም። ብታቆዩት ይደርቃል እንጂ አይሳብም። የኛ አይብ የሚረጋው በኮመጠጠ አሬራና በሙቀት ነው፤ እንዲህ የረጋ አይብ እሳት ላይ ቅርጹን ይይዛል። የሚሳበውን ከፈለጋችሁ ሞዛሬላ ወይም ፕሮቮሎኔ ግዙ። ቀዝቃዛውን ፈግፍጉት፣ በደረቀው ልጣጭ ላይ ነስንሱት፣ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ ካለፈ ቅባቱ ይለያል።

አይቡን ግን አትተዉት። ፈረንጆቹ በላዩ ኮምጣጣ ክሬም ያደርጋሉ። እኛ አይቡን በንጹህ ጨርቅ አጥልለን፣ ትንሽ እርጎ ጨምረን ብንመታው ከዚያ አያንስም። ሲበላ ብቻ ይጨመር። ያልተጠለለ አይብ ልጣጩን በደቂቃዎች ውስጥ ያረጥበዋል።

ቋንጣው መረረ፣ ወይም ሁሉም ነገር ጨው በጨው ሆነ

ቋንጣ ድሮም ደርቋል። ኦቨን ውስጥ ከድንቹ ጋር ሲቆይ በርበሬው ያርራል፣ ምሬቱ ከዚያ ነው። ለብቻው አድቅቃችሁ፣ በትንሽ ዘይት፣ በለስላሳ እሳት አንድ ደቂቃ ብቻ አገላብጡት። መጨረሻ ላይ ይነስነስ። ቋንጣውም ቺዙም ጨው ስላላቸው ድንቹን ጨው አታድርጉት። ጥብስ የምታደርጉ ከሆነ ውሃው እስኪመጥ፣ ድርቅ እስኪል ይጠበስ።

ኦቨን የለም፣ ወይም መብራት ሄደ

የኤሌክትሪክ ምጣድ ይሠራል። ለመጀመሪያው ዙር ድንቹን ቀቅላችሁ ውሃውን አፍስሱ፤ ባዶውን ድስት እሳቱ ላይ መልሳችሁ እያናወጣችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ አድርቁት። ሰንጥቁ፣ ሆዱን አውጡ፣ ቅቡት። በጋለው ምጣድ ላይ ደርድሩና አክንባሎውን ገርበብ አድርጋችሁ ክደኑ። ሙሉ ከከደናችሁት እንፋሎቱ ተመልሶ ይወርድበታል። መብራት ከሌለ በከሰል ላይ መጥበሻ አድርጋችሁ በሁለቱም ጎን ጥበሱት።

ለመብራቱም ለጥድፊያውም የሚበጀው ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። መጋገሩንና ሆዱን ማውጣቱን ቀን ጨርሱ፤ ሲቀዘቅዝ ፍሪጅ ይግባ። ጨዋታው ምሽት 1፡30 ከጀመረ ሁለተኛውን መጋገር 1፡50 ላይ ጀምሩ። 2፡15 ላይ ለእረፍት ሲወጡ ትሪው ከኦቨን ይወጣል። የተረፈውን ማይክሮዌቭ ያልፈሰፍሰዋል፤ ምጣድ ላይ መልሱት። ሥጋና ቺዝ ያለበት ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ።

ትሪው ደረሰ፣ የማይበላ እንግዳ ግን አለ

ይህም ችግር ነው። ወሎ ውስጥ አንድ ሶፋ ላይ እስላሙም ክርስቲያኑም ጎን ለጎን ተቀምጦ ነው ኳስ የሚያየው። የሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ ደግሞ የሚበዛው ማክሰኞና ረቡዕ ነው፣ ረቡዕ ጾም ነው። ቺዝና ቋንጣ የተጫነ አንድ ትሪ ብቻ ካቀረባችሁ አንዱ እንግዳ «ጠግቤያለሁ» ብሎ ዝም ይላል። እኔ ቤት ይህ ደርሶ ስላየሁት ሁለተኛ እንዲደርስ አልፈልግም።

እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ረቡዕ ከሆነ አንዱ ትሪ ገና ከመጀመሪያው በዘይት ብቻ ይቀባል። ቅቤ የነካው ብሩሽ አይነካውም። ለላዩ አቮካዶ በሎሚና በቃሪያ ይታሻል፤ ቲማቲም ከገባ ፍሬውና ውሃው ወጥቶለት ነው። ወፈር ያለ የምስር ወጥም በጣም ይሄዳል። ሥጋውን ድንቹ ላይ አልጭንም። በየሳህኑ፣ በየራሱ ማንኪያ፣ ከየትኛው ቤት ሥጋ እንደሆነ ተነግሮ ይቀርባል። የእስላሙ ቋንጣ በአንድ መጥበሻ፣ የክርስቲያኑ በሌላ መጥበሻ ይጠበሳል። አይቡ፣ የሽንኩርት ቅጠሉ፣ ቃሪያው፣ አዋዜው መሃል ይቀመጣል።

እያንዳንዱ የሚፈልገውን ሊጎርስ ሲል ብቻ ስለሚጭን ልጣጩም አይርስም። ባለፈው እትዬ መጡ። አንዱን አንስተው ሰበሩት። ኮሽ አለ። አይብ አድርገውበት ወደ ኳሱ ዞሩ።