ትንሽ ከተማ ላይ ብር ከማውጣታችሁ በፊት የከተማውን ፕላን እንዴት ታያላችሁ

እህቴ ቤሩት ሰው ቤት ሰርታ የላከችውን ብር እኔ ነኝ ቦታ የገዛሁበት። ውል አለን፣ ሶስት ምስክር አለን፣ ግን ቦታው መዋቅራዊ ፕላኑ ላይ መንገድ ነው፣ ፕላኑ ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር፣ እኔ አጠገቡ ስንቴ እንዳለፍኩ እግዜር ይወቀው። ከዛ ወዲህ ነው ነገሩን እየጠየኩ የተማርኩት፣ ሌላ ሰው እንደኛ እንዳይሆን ብዬ የማውቀውን ልጻፍ።

መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ስትሄዱ "ፕላን አለ ወይ" ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። የከተማ ፕላን አዋጁ (574/2000) ሁለት አይነት ነው የሚያውቀው። መዋቅራዊ ፕላን የሚባለው ከተማው ወዴት እንደሚያድግ፣ ዋና መንገዱ የት እንደሚያልፍ፣ የቱ ለመኖሪያ የቱ ለንግድ የቱ ለፋብሪካ እንደሆነ በጥቅሉ ያሳያል። የአካባቢ ልማት ፕላኑ ደግሞ ሰፈር ድረስ ወርዶ የህንፃ ከፍታ፣ የውስጥ መንገድ፣ የመብራትና የውሃ መስመር፣ ክፍት ቦታውን ያስቀምጣል። ሁለቱንም ጠይቁ፣ የጸደቀበትንም አመት ጠይቁ፣ ምክንያቱም መዋቅራዊ ፕላን የሚያገለግለው 10 አመት ነው፣ ስምንተኛ ዘጠነኛ አመቱ ላይ ከሆነ ክለሳ እየመጣ ነው ማለት ነው፣ ዛሬ ያያችሁት ቀለም ነገ ሊቀየር ይችላል።

ቀለሙን በግምት አታንብቡ፣ ጥግ ላይ ያለውን የቀለሞቹን ትርጉም የሚያሳይ መፍቻ እዩ። አረንጓዴ ላይ ባዶ ሜዳ ስላያችሁ "ገና አልተያዘም" እንዳትሉ፣ የኛ ሀገር ፕላን ሲሰራ መነሻው 30 በመቶ ለመንገድና ለመሰረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴ፣ 40 በመቶው ለግንባታ የሚል ነው፣ ስለዚህ ባዶ የመሰላችሁ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ነገር ተመድቧል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ጋ መጣን። ካርታው ላይ ያሉትን የኤክስና የዋይ ቁጥሮች ስልካችሁ ጂፒኤስ ላይ አስገብታችሁ "እዚህ ነው" አትበሉ። የኛ ካርታ በብዛት የሚሰራው አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ነው፣ ስልክ የሚጠቀመው ሌላ ነው፣ ሁለቱ 200 ሜትር ገደማ ይለያያሉ፣ ትንሽ ከተማ ላይ 200 ሜትር ማለት ሌላ ሰፈር ነው። ቀያሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ የሚከፈለው ከሚጠፋው ጋር አይገናኝም። የገበሬ መሬት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትግዙ፣ ሻጩ ዘመድ ቢሆንም። በህገ መንግስቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ ከተማው ሲሰፋ ካሳ የሚከፈለው ህጋዊ ይዞታ ላለው ነው፣ የጓሮ ውል ይዞ የቆመ ሰው ምንም አያገኝም።

ስራ ለመክፈት ከሆነ ከቀለሙ በላይ ሶስት ነገር ፈልጉ፣ መናኸሪያው፣ ገበያው፣ አስፋልቱ። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጋችሁ ባህር ዳር ስትሄዱ ደጀንን፣ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን ተመልከቱ፣ ከተማው አስፋልቱን ይዞ ነው እንደ መቀነት የተዘረጋው፣ ምግብ ቤቱ አልጋው ጎሚስታው ሱቁ ሁሉ የሚኖረው መኪና ስለሚቆም ነው። እና ፕላኑ ላይ መናኸሪያው ወደ ከተማው ዳር እንደሚወጣ ወይም ተለዋጭ መንገድ በጀርባ እንደሚያልፍ ካያችሁ፣ ዛሬ መናኸሪያ በር ላይ በውድ የምትከራዩት ቤት ከሶስት አመት በኋላ ሰው ላያልፍበት ይችላል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፣ ሻይ ቡና የሚሸጡ እናቶች የሚያውቁት መናኸሪያው ከተነሳ በኋላ ነው፣ ማንም ቀድሞ አይነግራቸውም። አዲሱ መናኸሪያ የሚሰራበት በጀት ተይዟል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ፕላን ላይ መሳልና መሰራት ሁለት ነገር ነው። ገበያው የት እንዳለ ብቻ ሳይሆን በገበያ ቀን ሰዉ በየትኛው በር እንደሚገባ ጠዋት ቆማችሁ ቁጠሩ።

ወፍጮ፣ ብረታ ብረት፣ እንጨት ስራ ከሆነ ደግሞ መኖሪያ መሀል አትክፈቱ፣ ጎረቤት በድምጹ ይከሳችኋል፣ ሼድ መጠየቅ ወይም የኢንዱስትሪ ቦታ በሊዝ መጫረት ይሻላል። በሊዝ አዋጁ (721/2004) ከአዲስ አበባ ውጪ ለኢንዱስትሪ 80 አመት፣ ለንግድ 70 አመት ነው፣ ጨረታው ላይ ደግሞ ነጥቡ በብዙ ቦታ 80 በመቶው ለዋጋው 20 በመቶው ለቅድሚያ ክፍያው ስለሆነ በጥሬ ብር ብዙ መክፈል የሚችል ሰው ትንሽ ዋጋ ዝቅ አድርጎም ሊያሸንፍ ይችላል።

ፕላኑ ሲከለስ ረቂቁ ለነዋሪ ውይይት መቅረብ አለበት፣ ሂዱ እባካችሁ። አዳራሽ ውስጥ ተነስቶ ማማረር ብቻውን አይሰራም፣ አምስት ስድስት ሆናችሁ በጽሁፍ አቅርቡ፣ "ቅዳሜ ገበያ ይሄን ያህል ሻጭ መሬት ላይ ተቀምጦ ይሸጣል፣ ጥላ የለም፣ የውሃ መውረጃ የለም፣ ሽንት ቤት የለም፣ ይሄን ያህል ካሬ ይከለልልን" ብላችሁ በቁጥር ጻፉት፣ መዝገብ ቤት አስገቡና የቀራችሁ ቅጂ ላይ ማህተምና ቀን አስደርጉ፣ በቃል የተነገረ ነገር ሰውየው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ሌላው፣ ቦታውን በበጋ ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። ሀምሌ ላይ ዝናብ በዘነበ ማግስት ሄዳችሁ ውሃው የት እንደሚተኛ እዩ፣ ከቻላችሁ ፎቶ አንሱት፣ ጎርፉ የሚወርድበትን ቦይ ደግሞ እዛው የቆዩ ሽማግሌዎችን ጠይቁ፣ እነሱ ፕላኑ ላይ ያልተሳለውንም ያውቁታል።