ለጌምና ለዲዛይን ኮምፒውተር ስታስገጣጥሙ ፓወር ሰፕላዩን አትርሱ

ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ፣ በመካከለኛ በጀት ለጌምና ለዲዛይን የሚሆን ኮምፒውተር ልታስገጣጥሙ ካሰባችሁ ይህችን ያዙልኝ። ስለ ግራፊክስ ካርድ የማይጠይቅ የለም፤ ለዕቃዎቹ ኃይል ስለሚያከፋፍለው ስለ ፓወር ሰፕላይ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ከተማ የሌሎቹ ዕቃዎች ጋሻ እሱ ነው። ከኬዝ ጋር ተገጥሞ የሚመጣውን ስም የለሽ ነገር እባካችሁ ተዉት። ጎኑ ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። በ12 ቮልት መስመር የሚሰጠው ዋት ከጠቅላላው በጣም ካነሰ አትውሰዱት። ገንዘብ ከተረፋችሁ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆየውን ዩፒኤስ ጨምሩበት።

ለአርቲኤክስ 3060 ግራፊክስ ካርድ ጥሩ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይበቃል። ከእሱ በኋላ የወጣው 4060 በጌም ይፈጥናል፣ ሜሞሪው ግን 8 ጊጋ ነው። ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ዲዛይን ፕሮግራም ላይ ከባድ ሥራ ለሚሠራ ሰው እኔ ባለ 12 ጊጋውን 3060 እመርጣለሁ። ባለ 8 ጊጋ 3060ም ስላለ ሳትከፍሉ ካርቶኑን እዩ።

ራም ባለ 16 ጊጋ አንድ ከምትገዙ ባለ 8 ጊጋ ሁለት ግዙ፤ ጥንድ ሆነው ሲሠሩ ይፈጥናሉ። ከዚያ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ገብታችሁ ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያሠራውን ኤክስኤምፒን አብሩ። ካልበራ ፍጥነቱ 3200 ብላችሁ የገዛችሁት ዲዲአር 4 ራም በ2133 ወይም በ2400 ሊሠራ ይችላል። ገጣጣሚው ሊረሳው ስለሚችል እዚያው ቆማችሁ አስከፍቱት።

ፋይል የሚቀመጥበት ኤስኤስዲ ደግሞ ፈጣኑ ዓይነት፣ ኤንቪኤምኢ ይሁን።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ፣ ሙቀቱ ከደሴ ይብሳልና ፊቱ በመስታወት የተዘጋ ኬዝ ይቅርባችሁ። ከፊት አየር የሚያስገባ ወንፊት ያለውን ምረጡ።